የአስራ ዘጠኝ ደቂቃው ሰው

ማክሰኞ ጠዋት ደረጃው ስድስት ነበር።

አቶ ያፌት ውብሸት ይህን ያወቀው እንደማንኛውም የአዲስ አበባ ሰው ከአልጋው ሳይወርድ ነው። ቁጥሩ ከሰፈሩ ድምፅ ይታወቃል። ደረጃ ሦስት ሲሆን ሰው እንደልቡ ያወራል። አራት ሲሆን ስኳርና ዘይት ለመግዛት ሱቅ በር ላይ ይሰለፋል። አምስት ሲሆን ከሳተላይት የሚመጣው የአቅጣጫ ምልክት ስለሚታወክ ዕቃ የሚያመላልሱት ድሮኖች የአንዱን ዕቃ የሌላው ግቢ ይጥላሉ። ባለፈው ወር ያፌት ግቢ ውስጥ አንድ ጥቅል ምንጣፍና የማያውቀው ሰው የኩላሊት መድኃኒት ወድቆ ተገኝቷል። መድኃኒቱን ለማድረስ ግማሽ ቀን ሲዞር ዋለ። ምንጣፉን ግን ሚስቱ ሜላት «ሰውየው እስኪመጣ» ብላ ሳሎን አንጥፋዋለች።

ስድስት ሲሆን ሰፈሩ ዝም ይላል። ስድስት ማለት አሜሪካና ኢራን ሊመታቱ አንድ እርከን ቀራቸው ማለት ነው። ሰባት ላይ የባሕረ ሰላጤው ሰማይም የስልክ መስመርም ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ሰማይ የሚበረው ሚሳይል ብቻ ነው። ነገሩ እንዲህ ሲወጣና ሲወርድ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰው እንቅልፍ አጥቶ ነበር አሉ። አሁን ሰርግ የሚደግስ ሰው የጥሪ ወረቀቱ ላይ «ደረጃው ከአምስት በላይ ከሆነ ለሚቀጥለው እሁድ ተዛውሯል» ብሎ ያሳትማል፤ ተጋባዡም አንብቦ ልብሱን ቁም ሳጥን ውስጥ መልሶ ይሰቅላል። መቼስ እኛ የማንለምደው ነገር የለም።

ያፌት ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። እሱ ሲወለድ ያፌት የሕፃን ስም ነበር። አሁን ያፌት፣ ናሆም፣ ኢዮስያስ የሚባሉት ጡረታቸውን የሚጠብቁ ሽማግሌዎች ናቸው፤ የልጅ ስም የሆነው ተዋበች ነው። የእሱም አንድ ልጅ ተዋበች ትባላለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ማናማ ውስጥ ነርስ ናት። ማናማ ባሕሬን ውስጥ ናት፤ ባሕሬን ውስጥ ደግሞ የአሜሪካ የጦር መርከቦች አሉ፤ ይህንንም የሚያውቀው ያፌት ብቻ አይደለም። ተዋበች የሥራ ውሏን ጨርሳ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሚነሳው አውሮፕላን ወደ አገሯ ትሳፈራለች። ሜላት ከእሁድ ጀምሮ የልጅቷን ክፍል ሦስት ጊዜ ወልውላለች።

«ዛሬ ስድስት ነው አይደል?» አለችው ቁርስ ላይ።

«ይወርዳል» አላት ያፌት።

«ያንተ ‹ይወርዳል› መቼ ወርዶ ያውቃል» አለችና ዳቦውን አቀረበችለት። ለነገሩ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ቀድሞ ማወቅ የነበረበት እሱ ነው፤ ቁጥሩ የሚወጣውም የሚወርደውም በእሱ ጠረጴዛ በኩል ነዋ።

መሥሪያ ቤቱ የአስተላላፊዎች ቤት ይባላል። ሳር ቤት አካባቢ፣ ከጥርስ ሐኪም በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ታሪኩ አጭር ነው። ሁለቱ መንግሥታት የጦርነቱን ውሳኔ ለማሽኖቻቸው ከሰጡ በኋላ ማሽኖቹ በቀጥታ ይነጋገሩ ነበር። አንድ ቀን ከደረጃ ሁለት ተነሥተው በአራት ደቂቃ ውስጥ ዘጠኝ ገቡ። ከዚያ ቀን የተረፈው ዓለም የተስማማው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ በመሐላቸው ቀርፋፋ ሰው ይግባ። የትኛው ሕዝብ ቀርፋፋ እንደሆነ የሚያጠና ኮሚሽን ተቋቁሞ አስራ አንድ አገር ዞረ። እኛ አሸነፍን። በሪፖርቱ መሠረት የአንድ ኢትዮጵያዊ «ደርሻለሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ» በአማካይ አርባ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ሁለተኛ የወጣው አገር ሠላሳም አልሞላለትም። ዜናው በተሰማ ቀን ደስታውን ሊገልጽ አደባባይ የወጣ ሕዝብ ነበር፤ ሰልፉ ግን ሰው ስላልደረሰ ከተያዘለት ሰዓት በኋላ ነው የተጀመረው።

ሥራው ይህ ነው። የአንዱ ወገን መልእክት ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ጠረጴዛው ላይ ይወርዳል። ያፌት ያነበዋል፤ በእጁ በእስክሪብቶ ይገለብጠዋል፤ አስራ ዘጠኝ ደቂቃ ሳይሞላ አይልከውም። አንድ ቃል አይጨምርም፣ አንድ ቃል አይቀንስም። ይሄኛው ነው የከበደው። አገሩ ላይ መሐል የገባ ሰው የአንዱን ስድብ እንዳለ ተሸክሞ ለሌላው ሲያደርስ ታይቶ አያውቅም፤ «ሰላም ብሎሃል፣ ትንሽ ቅር ብሎታል» ብሎ ነው የሚያስታርቀው። ያፌት ግን አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ዛቻ እንደወረደ ሲገለብጥ ኖሯል። አንዳንዴ እየገለበጠ ፊቱ በሐፍረት ይቀላል፤ የሰደበው እሱ ይመስል።

ደግሞ የሰው ፊት የሚከብደው ሰው ነው። ጸጉር ቆራጩ አንድ ቀን ተሳስቶ ቀኝ ጎኑን ከግራው አብልጦ ላጨው። ያፌት መስታወት አይቶ «ኧረ ቆንጆ ነው፣ እጅህ ይባረክ» አለ። ይኸው ስድስት ዓመቱ፤ ሰውየው ደንበኛዬ የሚወደው ቁርጥ ነው ብሎ እንደዚያው ይላጨዋል። የዓለምን ሰላም በዚህ ሰው እጅ ያስቀመጡት ሰዎች ጸጉሩን አላዩትም መሰለኝ።

ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ የዋሽንግተኑ ማሽን መልእክት ወረደ። ይህ ማሽን ያደገው በውል ወረቀት ላይ ነው፤ ሰላምታ የለው፣ መሰነባበት የለው። «ሰላማዊ ሰዎች እንዲወጡ ከስድስት ሰዓት እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ፋታ እናቀርባለን። ትቀበላላችሁ ወይስ አትቀበሉም?» ይላል።

ያፌት ልቡ መለስ አለ። በሕጉ መሠረት ደረጃ ስድስት ላይ እስከ እኩለ ቀን በፋታ ካልተስማሙ ወይም የተስማሙበት ፋታ ሳይራዘም ካለቀ ቁጥሩ በራሱ ሰባት ይሆናል። ፋታ ከተገኘ የዘጠኝ ሰዓቱ አውሮፕላን ይነሳል፤ ተዋበች ትሳፈራለች። ካልተገኘ አይነሳም። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር። ገለበጠ፤ አስራ ዘጠኙን ደቂቃ እግሩን እያወዛወዘ ጠበቀ፤ ላከ።

የቴህራኑ መልስ ወዲያው መጣ። ያፌት ለቴህራኑ ማሽን ለሰው የማይናገረው ፍቅር ነበረው። ያሳደጉት የአገሩን ሰው ደብዳቤ እያስነበቡ ስለሆነ ሲዝት እንኳን መጀመሪያ ጤና ይጠይቃል። መልሱ እንዲህ ይላል፦ «ሐሳባችሁ ከልብ እንደመነጨ እናውቃለን፤ ክብረት ይስጥልን። ግን አትቸገሩ። እኛ ደህና ነን። ፋታ አያስፈልገንም።»

እምቢታ ሲመጣ የሚመታ ቀይ ማኅተም አለ። «ውድቅ» ይላል። ያፌት ማኅተሙን አነሣ፣ አየውና መልሶ አስቀመጠው።

«ምን ሆነሃል?» አለች ኤልዳና። ወይዘሮ ኤልዳና ተቆጣጣሪ ናት፤ ከፊት ለፊቱ ባለው ጠረጴዛ ከተቀመጠች እሷም አስራ አንድ ዓመቷ ነው።

«ይሄ እኮ እምቢ ማለት አይደለም።»

ተነሥታ መጣችና አነበበችው። «‹አያስፈልገንም› ይላል፣ ያፌት። በአማርኛ ነው የተጻፈው።»

«‹አትቸገሩ› ይላል እኮ።»

«እና?»

«እና ኤልዱዬ፣ ሰው ቤት ገብተሽ ‹ብዪ› ስትባዪ ምንድን ነው የምትዪው?»

«በልቻለሁ።»

«በልተሽ ነው?»

ኤልዳና ወረቀቱን መለሰችለት። «ይሄ ማሽን ነው፤ ሆድ የለውም» አለች።

«አስተዳደግ ግን አለው» አለ ያፌት። «አንዴ ጠይቀው ዝም ካሉት ምን ይበል? ዘሎ ይቀመጥ? እንደ ራበው?»

«ሥራህ መገልበጥ ነው።»

«እገለብጣለሁ።»

አዲስ ወረቀት ሳበና የዋሽንግተኑን ሐሳብ እንደገና ገለበጠ። ቃል በቃል ነው፤ ከመጨረሻው መስመር በቀር። መጨረሻው ላይ «በሞቴ» የሚል ጨመረበት። በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ ከራሱ የጨመራት የመጀመሪያዋ ቃል ይህች ናት። «ቴ» የሚለው ፊደል ጥሩ አልወጣለትም። ደቂቃው ሲሞላ ላከው።

ቴህራን መለሰ። «እንዲህ ስታከብሩን ምን እንላለን። ግን እናንተን ማድከም ይሆንብናል፤ ይቅር።»

«አየሽ?» አለ ያፌት። ላቡን በመዳፉ ጠረገ። «‹ይቅር› ደረሰ። ከ‹አያስፈልገንም› ወደ ‹ይቅር› ወርዷል። ሰውየው ወንበር ስቧል።»

«ሰውየው አትበለው።»

ያፌት ሦስተኛውን ወረቀት ጻፈ። በዚህኛው መጨረሻ ላይ የሰፈረው «አፈር ስሆን» የሚል ነው።

ኤልዳና በትከሻው በኩል አንብባ መነጽሯን አወለቀች። «ያፌት፣ የአሜሪካን መንግሥት እኮ አፈር ስሆን አሰኘኸው።»

«እነሱ ካላወቁ ምን ይሆናሉ?»

«ሁለታችንም ሥራ ላይ አንቆይም።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብንቆይ ይበቃኛል» አለ። ኤልዳና የተዋበችን ጉዞ ታውቃለች። ማኅተሙን አንሥታ ራሷ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ሦስተኛው መልስ ዘገየ። አምስት ሰዓት ተኩል አለፈ። ያፌት ሁሌ እንደሚሆነው ተጸጸተ፤ ምናልባት በእውነት ጠግበው ይሆናል፣ ምናልባት ሰው ሁሉ እንደኔ ሳይበላ በልቻለሁ የሚል ይመስለኛል እያለ ራሱን ረገመ። አምስት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ላይ ወረቀቱ ወረደ። «እንግዲህ እምቢ ማለት አልቻልንም። ፋታውን ተቀብለናል» ይላል። ገልብጦ፣ አስራ ዘጠኙን ደቂቃ ጥርሱን ነክሶ ጠብቆ፣ ለዋሽንግተን ሲልከው ለስድስት ሦስት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ቁጥሩ ስድስት ላይ ቆመ።

ምሳ አልበላም፤ ደስታ አጥግቦት ነበር። ለሜላት ደውሎ «ወርዷል አላልኩሽም?» አላት። አልወረደም፣ አልወጣም እንጂ፤ ግን ማን ይቆጥራል። ወንበሩ ላይ ጋለል ብሎ ሐውልት ሲያቆሙለት ታየው፤ አንድ እጁን ዘርግቶ «በሞቴ» እያለ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ። ወዲያው ደግሞ ሐውልቱ በአንድ ጎን ሲላጭ ታየውና ብቻውን ሳቀ። ሰው ለካ በድክመቱም አገር ሊጠቅም ይችላል ብሎ አሰበ። እንዲህ ያለ ሐሳብ መጥቶበት አያውቅም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ የቢሮው ስልክ ጮኸ። ይህ ስልክ በስምምነቱ መሠረት ለሁለቱም ማሽኖች ክፍት ነው፤ የሚያስተላልፍላቸውን ሰው እንዲያምኑት የሚለውን ሁሉ ይሰማሉ።

«አባዬ።»

«ተዋቡ፣ አየር ላይ ሆነሽ ነው የምትደውይው?»

«አይ። አባዬ፣ አትቆጣም አይደል?»

ያፌት ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። «የት ነሽ?»

«አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ። የእኛው አሁን ሄደ።»

«ማን ሄደ?»

«አውሮፕላኑ። ከኋላዬ ሕፃን የያዘች ሴትዮ ነበረች። ኒውዚላንዳዊት ናት። ቦታ ሞልቷል ብለዋት ታለቅሳለች። ዝም ብዬ ማለፍ ከበደኝ። ‹ከፈለግሽ በእኔ ቦታ ሂጂ› አልኳት።»

«እና?»

«እሺ አለች።»

«ወዲያው?»

«ወዲያው። አንዴ እንኳን አላንገራገረችም። እኔ ‹ኧረ አይሆንም› ትላለች ብዬ ነው እኮ፤ ቢበዛ ሁለቴ ጠይቄያት ስትተወኝ እሳፈራለሁ ብዬ። ‹ተባረኪ› አለችና ወደ ጠረጴዛው ሄደን ስሙን አስቀየርነው።»

«‹የምሬን አይደለም› አትያትም ነበር?»

«እንዴት ብዬ አባዬ? ሕፃን ይዛ? ሐፍረት ነው እኮ።»

ያፌት ሊቆጣት አልቻለም። ይህችን ልጅ ያሳደገው እሱ ነው። ሰው ቤት ሄደው የተዘረጋላትን ሁለተኛ ከረሜላ ስትወስድ ጉልበቷን ቆንጥጦ ያስተማራት እሱ ነው። ያን ጊዜ ጨዋ ልጅ አለችኝ ብሎ ኮርቶባት ነበር።

«ቀጣዩ መቼ ነው?»

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት። የመጀመሪያውን ቦታ ሰጥተውኛል። ፋታው እስከ መቼ ነው፣ አባዬ?»

«እስከ ዛሬ አስራ ሁለት ሰዓት» አላት። 

ስልኩን ሲዘጋ ኤልዳና ቆማ ነበር። ያፌት ወረቀት ሳበ። ቤቱ መልእክት ያስተላልፋል እንጂ ከራሱ መልእክት አይጀምርም፤ እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎም ተሰምቶም አይታወቅም። ጻፈ፦ «ፋታውን እስከ ነገ ጠዋት አራት ሰዓት አራዝሙልኝ። ልጄ ማናማ ናት። ስሟ ተዋበች ነው፤ ነርስ ናት። ሌላ ምክንያት የለኝም። ያፌት ውብሸት፣ አስተላላፊ።»

ኤልዳና አነበበችው። «ሰላምታ አላስገባህበትም» አለች።

«አላስገባሁም።»

በሕይወቱ ሙሉ ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄድ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ቤተሰቡ ጤና ሳያነሣ ሰው ሲለምን ይህ የመጀመሪያው ነው። ኤልዳና ቦርሳዋን አነሣች። «ሻይ ልጠጣ ወርጃለሁ። ምንም አላየሁም» አለችና በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ያፌት አስራ ዘጠኙን ደቂቃ አልጠበቀም። ቀለሙ ሳይደርቅ ለሁለቱም ላከው።

ማሽኖቹ በሰከንድ የሚመልሱ ናቸው። ዘገዩ። አስር ሰዓት ሆነ፣ አስር ተኩል ሆነ። ያፌት ጸሎት ጀምሮ የት እንደደረሰ ጠፋበት። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለቱም ወረቀቶች ተከታትለው ወረዱ።

የዋሽንግተኑን አስቀደመ። በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ አዎና አይደለም ከማለት በቀር ሌላ የማያውቀው ማሽን ዛሬ እንዲህ ብሏል፦ «መልእክትህ ደርሶናል። እስቲ እናያለን።»

የቴህራኑ ረዘም ይላል። የሜላትን ጤና ይጠይቃል፤ ልጅህ የእኛም ልጅ ናት ይላል። መጨረሻው ላይ «እስቲ እናያለን» ይላል።

ያፌት ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ይህችን አነጋገር ከማን እንደተማሯት ለማወቅ ብዙ አላሰበም። በዚያው ስልክ ላይ የአጎቱ ልጅ «ልጄን ሥራ አስገባልኝ» ሲለው፣ ጎረቤቱ ዋስ ሁነኝ ሲለው፣ ዕድሩ ጸሐፊ ሁንልን ሲለው፣ እምቢ ማለት ስለማይችል ለሁሉም የመለሰው ይህንኑ ነው። ማሽኖቹ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲሰሙት ኖረዋል። ጎበዝ ተማሪዎች ናቸው፤ ድምፁን ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ምን እንደተደረገም መዝግበዋል። «እናያለን» ብሎ ያየው አንድም ጉዳይ አልነበረም።

«በሞቴ» ብሎ ለሁለቱም ላከ። መልስ አልመጣም። እምቢ ያለን ሰው መለመን ያውቅበታል፤ እናያለን ያለን ሰው ምን ብሎ እንደሚለምን ግን አያውቅም።

አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተዋበች ደወለች። «አባዬ፣ ምን አሉ?»

መዋሸት ይችል ነበር፤ እንዲህ ላለው ነገር አንደበቱ አያንሰውም። «እናያለን አሉ» አላት።

 ስምንት ዓመቷ ሳለ ብስክሌት ግዛልኝ ስትለው የሰማችው መልስ ይኸው ነበር። ከዚያም በኋላ ለብዙ ነገር ሰምታዋለች።

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

«እሺ። ወደ ሆስፒታሉ ልመለስ፣ አባዬ። ምድር ቤት አለው። በሽተኞቹም እዚያ ወርደዋል አሉ፤ ሰው ያንሳቸዋል።»

«ተዋቡ» አለ ያፌት።  «ፈርቻለሁ።»

አባቷ እንዲህ ሲል ሰምታ አታውቅም። «እኔም» አለችው። ከዚያ ታክሲ እንዳገኘች፣ መንገዱ ባዶ እንደሆነ፣ ሹፌሩ የፔሻዋር ሰው እንደሆነና ውኃ እንደሰጣት ነገረችው። ያፌትም አንዴ ሲሰጥሽ ተቀበልሽው ወይ አላት። ተቀበልኩት አለችው። ሁለቱም በእንባ መሐል ትንሽ ሳቁ።

«ደርሻለሁ» አለች በመጨረሻ። «በቃ ዝጋው፣ አባዬ።»

«አንቺ ዝጊው።»

«አንተ ቅደም።»

«ኧረ አንቺ።»

ማንም ቀድሞ መዝጋት አልፈለገም። ትንፋሿን ይሰማል፤ ደረጃ ስትወርድ ይሰማል፤ ከኋላዋ የአልጋ ጎማ ሲንኳኳ ይሰማል። ኤልዳና ተመልሳ ገብታ ግድግዳው አጠገብ ቆማለች። ያፌት «አንቺ ዝጊው እንጂ፣ ልጄ» እያለ ነበር፤ ልክ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ መስመሩ ራሱ ተቋረጠ።